የግራ እጅ መሐላ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ የጉና ተራራ ከነውርጩ ይጫነኝ። ደብረ ታቦር ያደገ ሰው የጉናን ክብደት ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን መሐላ ለቀልድ አያነሳውም።

ደምሴ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ አንስቶ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ቁመቱ ደግሞ የባንዲራውን ዘንግ የሚያሳፍር ነው። ከፊቱ ሁለት ሺህ ተማሪ ተሰልፏል። ጊዜው 1974 ዓ.ም. ስለሆነ በስብሰባ ላይ በመስቀል ወይም በቁርዓን የሚምል የለም፤ ሰው የሚምለው ግራ ጡጫውን አንስቶ፣ በአብዮቱ ስም ነው።

«በአብዮቱ ስም እምላለሁ» አለ ደምሴ። «ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጌጤ ድምፅ ማጉያውን ከግምጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ስትጥለው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሁለት ሺህ አንገት ወደ ዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ ዞረ። ጌጤ ደብተሯን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«ዋሸ» አለች፤ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ከጎኗ የቆመው ፈንታሁን ግን ሰማት።

ድምፅ ማጉያው ለትምህርት ቤቱ አንድ ብቻ ነበር። በእጅ የሚያዝ፣ አፉ እንደ ጥሩምባ የሰፋ፣ ስድስት የባትሪ ድንጋይ በአንድ ጊዜ የሚበላ ጉድ ነው። ሲጮኹበት ከከተማው ውጭ ያሉት የገሳይ መንደር ውሾች ይመልሱ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሳጥኑ ሲወጣ አፉ እስከ እጀታው ድረስ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዓርብ ዕለት ወደ ግምጃ ቤት የመለሰችው ተረኛዋ ጌጤ ናት። በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ዕቃ «ተሰበረ» አይባልም፤ «አሻጥር ተሠራበት» ነው የሚባለው። አሻጥር የሚለው ቃል የወደቀበት ተማሪ ከትምህርት ቤት ይባረራል፤ እሱም ዕድለኛ ከሆነ ነው።

የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ፣ መምህር በላይነህ፣ ወረቀታቸውን አጠፉ። «ውሳኔው ዓርብ በጠቅላላ ስብሰባ ይሰጣል» አሉ። «እስከዚያው ተከሳሿ ክፍሏ ትገባለች።»

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጌጤ፣ ፈንታሁንና ሰዓዳ እንደ ወትሮው አብረው ነበሩ። ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ጌጤ የገሳይ ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤተሰቧ ስንቅ እየመጣላት ትማራለች። ሰዓዳ የልብስ ሰፊው የአቶ ኑሩ ልጅ ናት። ፈንታሁን ደግሞ፣ እንግዲህ ፈንታሁን ነው። ተማሪው «ሴባስቶፖል» ይለዋል፤ በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን እዚሁ ጋፋት ላይ ብረት ቀልጦ በተሠራው በትልቁ መድፍ ስም። ጉንፋን ከያዘው «ሁለት ጊዜ ሞቼ ተመለስኩ» ይላል። አንድ ማታ ያያት ጅብ በማግስቱ የበቅሎ ቁመት ነበራት፤ በሳምንቱ ኮርቻ አስጭኗታል።

«ዓርብ ሳስቀምጠው ደህና ነበር» አለች ጌጤ። «ደረጃው ላይ እንኳን አላንሸራተተኝም። ደምሴ እዚያ አልነበረም። ማንም አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አለ?» አለች ሰዓዳ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። አባቴ ከሰማ ግን አለቀልኝ። ‹ከትምህርት ቤት የወጣሽ ዕለት ትዳር ትገቢያለሽ› ብሎኛል። የሚያገባኝ ሰውዬ ተመርጦ ተቀምጧል። ጥርሱ ከአንድ እጄ ጣቶች ቁጥር ያንሳል።»

ፈንታሁን ሳቀና ወዲያው ተጸጸተ። ጌጤ ፊቷ አልሳቀም።

«ደምሴን አናግረዋለሁ» አለ። «አንገቱን ይዤ እስከ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ እጎትተዋለሁ።»

«አትቅደድ» አለችው ሰዓዳ። «ዝም ብትል ይሻላል። አንተ ስትናገረው እውነቱም ውሸት ይመስላል።»

ይህቺ ንግግር ሆዱ ገባች።

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ደምሴን መረብ ኳስ ሜዳው ጥግ ላይ ብቻውን አገኘው። ፈንታሁን እስከ ደረቱ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ቀና ብሎ ነው የተናገረው።

«ጌጤ ስትጥለው አላየህም።»

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነህ የምትነግረኝ።»

ደምሴ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ትልቅ ልጅ ለትንሽ ልጅ ፈገግ እንደሚል። «ስማ ሴባስቶፖል። ዕቃውን ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አጥፊው ካልተገኘ አጥፊው እኔ ነኝ። ገባህ?»

«ግን ምለሃል።»

«የትኛውን እጄን ነው ያነሳሁት?»

«ግራህን።»

«በለው። አባትህ በሽምግልና ጠበኛ ሲያስምል በግራ እጅ ነው? መስቀል ጨበጥኩ? ወንጌል መታሁ? መሐላ በቀኝ ነው፣ ልጄ። የግራው ለሰልፍ ነው። እግዜር አይቆጥረውም።»

«ጌጤ ግን ትቆጠራለች።»

«እሷ ገሳይ ቤት ንብረት አላት። እኔ ብባረር የምገባበትን ታውቃለህ? ሂድ አሁን። ደግሞ ብትናገር ማን ያምንሃል?»

ፈንታሁን ሄደ። ይህ ሰው በሰው ልጅ ዕድሜ ላይ ምሏል፤ ከዚያ እጅ እየቆጠረ ይስቃል። መስከረም ላይ የሊቀመንበርነት ቃሉን ሲገባስ? ፈንታሁን አስታወሰ። የዚያን ቀንም የተነሳው ግራው ነበር። ያቺን ሐሳብ እስከ ዓርብ ድረስ ሲያላምጣት ቆየ፤ በመጨረሻ እንደ ጥይት ጎረሳት።

ዓርብ ሜዳው ሞላ። መምህር በላይነህ ጠረጴዛና ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ደምሴ ከጎናቸው በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ነው። ጌጤ ለብቻዋ ከፊት ለፊት ቆማለች፤ ንፋሱ ከጉና በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣል።

«የምስክሩን ቃል ሰምታችኋል» አሉ መምህር በላይነህ። «ተቃውሞ ያለው?»

ፈንታሁን እጁን አነሳ። ገና ሳይፈቀድለት ከኋላ አንዱ «ሴባስቶፖል ጎረሰ» አለ፤ ሳቁ እስከ አጥሩ ተንከባለለ።

«ትናንት ደምሴ ራሱ ነግሮኛል» አለ ፈንታሁን። «ጌጤን አላያትም። ‹የግራ እጅ መሐላ አይቆጠርም፣ ለሰልፍ ነው› አለኝ።»

«ተኮሰ» አለ ከኋላ ያው ድምፅ። አሁን የሳቁት ሁሉም ናቸው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆችም ሳቁ። ሰዓዳ መሬት መሬት አየች። ደምሴ ሳይቆጣ ራሱን ነቀነቀ፤ «ያው እንደምታውቁት» እንደማለት።

ይህ ነው እንግዲህ ክፉው ሰዓት። ፈንታሁን እጁ ላይ እውነት ነበረው፤ እውነቱ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ሲያዩት የምስር ፍሬ ያክላል። ጌጤ ዞር ብላ አየችው። ያን ጊዜ አፉ፣ ከባለቤቱ ምንም ሳይጠይቅ፣ መንገድ ጀመረ።

«ደግሞም አይቼዋለሁ» አለ። «ቅዳሜ። ከሜዳው በታች ያለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያው ይፎክር ነበር። ከእጁ አመለጠውና ቁልቁል ሄደ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነጠረ። እየሮጠ ሲያነሳው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ውሸቱ ቁመቱ የተሟላ ነበር፤ ሰው አመነው።

«ትምላለህ?» አሉ መምህር በላይነህ።

ፈንታሁን ግራ ጡጫውን አነሳ። ከዚያ ቀኙንም አነሳ። እንደተማረከ ወታደር ሁለቱንም ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ። «በቀኜም በግራዬም እምላለሁ። ነገ የትኛው ነው የሚቆጠረው እንዳልባል።»

ደምሴ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት የእውነት ንዴት ነበር። «ቅዳሜ እዚህ አልነበርኩም። እብናት ገበያ ነበርኩ። ይሄ ልጅ ያየው ነገር የለም።»

«ስለ ግራ እጅ ያለውስ?» አሉ መምህር በላይነህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ማል።»

ደምሴ ግራ እጁን ማንሳት ጀመረ። ከሰልፉ መካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ «በቀኝ» አለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። «በቀኝ» አለ ሌላ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ ሳይጮህ፣ እንደ እግዚኦታ ዝቅ ባለ ድምፅ «በቀኝ፣ በቀኝ» ማለት ያዘ። መምህር በላይነህ እንዳይከለክሉ ግራ ገባቸው፤ እንዳይፈቅዱም ቀኝ እጅ በደንቡ የለም።

ደምሴ ግራውን አወረደ። ቀኙ ከጎኑ ተነሳ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ ያን እጅ ሲጠብቅ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እንደተረሳ እጅጌ ተንጠለጠለ።

«ዓርብ አላየኋትም» አለ በመጨረሻ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተሰብሮ ሳገኘው ፈራሁ። እኔ ግን አልሰበርኩትም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰማም።

ጌጤ ነፃ ወጣች። ነገሩ ግን አላበቃም፤ ፈንታሁን ገና አልተቀመጠም። «አንድ ይቀራል» አለ። «የግራ እጅ መሐላ ይቆጠራል ካልን፣ ደምሴ በመሐላ ዋሽቷል። አይቆጠርም ካልን ደግሞ፣ መስከረም ላይ ሊቀመንበር ሲሆን የማለው በግራው ነው፤ ስለዚህ ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም። በየትኛውም መንገድ ወንበሩ ባዶ ነው።»

እንዲህ ያለ ጸጥታ ደብረ ታቦር ላይ ከዚያ በፊት ወርዶ አያውቅም። ወፎች እንኳን ዛፍ ላይ አረፍ ብለው ያሰቡበት ይመስለኛል።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ የደምሴ ጓደኛ፣ ተነሳ። «ቆይ። ሰው ፈርቶ አንዴ ቢዋሽ ከሥልጣን ይነሳል? እንዲህ ከሆነ ማን ሊቀረን ነው? እስቲ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ‹ዝናብ አጠበብኝ› ያላለ እጁን ያንሳ። የፈለገውን እጅ።»

ሳቅ ሆነ። እጅ አልተነሳም። ፈንታሁንም አላነሳም።

መልሱን የሰጠችው ሰዓዳ ናት። አባቷ አንድ ቀን «ወላሂ»ን ለጨዋታ ስትጠራ ሰምተው፣ ጨርቅ በሚለኩበት እንጨት የመቷት ልጅ ናት፤ ስለ መሐላ የምታውቀው ከመዳፏ ጀምራ ነው።

«ዝናብ አጠበብኝ ስል ሰው አላባርርም» አለች። «እጄንም አንስቼ አልምልም። ደምሴ ግን የማለው ጌጤ እንድትባረር ነው። ያመንነውስ ለምንድን ነው? እሷም እኮ ‹ሳስቀምጠው ደህና ነበር› ትላለች። የእሱ ቃል ከእሷ ቃል የከበደው ወንበሩ ስለተጨመረበት ነው። ወንበሩን የሰጠነው እኛ ነን። ነገ የእኔን ስም ጠርቶ እጁን ቢያነሳስ? እንደ ማንኛችንም ይዋሽ፤ ግን እንደ ማንኛችንም መሬት ላይ ቆሞ ይዋሽ።»

«ደምሴ ይውረድ» ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ የተነሳው እጅ ደን ነበር። ደምሴ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሰልፍ ሄደ፤ ሰልፉ ቦታ ሲሰጠው ትንሽ ዘገየ። ከዚያ አንዱ «ሴባስቶፖል» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ዘጠነኛ ክፍል ተሸክሞት ወደ ላይ ወረወረው። ሲወርድ ሊቀመንበር ሆኖ ወረደ። የሚምለው ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ ሲሰቀል ነው ተባለ።

ቅዳሜና እሁድ ቋጥኙ አደገ። ቅዳሜ ማለዳ የቤት ቁመት ነበረው፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከአፋፍ ተስተካከለ። ድምፅ ማጉያውም ሰባት ጊዜ ነጠረ። ፈንታሁን በየሄደበት ሲያወራው እውነት እየመሰለው መጣ። የደምሴን የጫማ ድምፅ ሁሉ ይሰማ ጀመር። ጌጤ ስንቅ ካመጣላት ታናሽ ወንድሟ ጋር ለአባቷ መልእክት ላከች፤ «ትምህርቴ ላይ ነኝ» ብላ። ለፈንታሁን ደግሞ ከስንቋ ቆሎ ዘግና ኪሱን ሞላችለት። «ያን ቀን ቅዳሜ እዚያ ባትኖር ኖሮ» አለችው። እሱም «አየሽ፣ እግዜር ነው ያቆመኝ» አላት።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። በሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ሙላቴ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ በር አልተንቀሳቀሱም፤ የሚናገሩትም በዓመት አሥር ቃል ቢሆን ነው።

«ደህና አደሩ፣ አያ ሙላቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ና እስቲ ወዲህ።»

ፈንታሁን ተጠጋ። ለአዲስ ሊቀመንበር የሚሰጥ ምርቃት ነው የጠበቀው።

«ዓርብ ከኋላ ቆሜ ሰምቼሃለሁ» አሉ አያ ሙላቴ። «ቅዳሜ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ግምጃ ቤቱ አልተከፈተም። ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም።» እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ። «የተከፈተው እሁድ ነው። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ላሜ ቦቂት ጠፍታብኝ፣ ድምፄ አልደርስ ቢለኝ፣ በዚያ ጥሩምባ ልጥራት ብዬ አወጣሁት። ሰማችኝ። ሰምታ በረገገች። ስከተላት አደናቀፈኝና ላዩ ላይ ወደቅሁበት። ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ይኸው ነው።»

ፈንታሁን የሚናገረው ጠፋው። ይህም በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«ደምሴ አላየም» አሉ አያ ሙላቴ፣ ቀስ ብለው፣ ነገሩን እንደሚያስረዱት ሁሉ። «አንተም አላየህም። ያየችኝ ቦቂት ብቻ ናት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አሻጥር ሲሉ ሰማኋ። አሻጥር የተባለ ዘበኛ ምን እንደሚሆን አንተ አታውቅም።» አቀርቅረው መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ጫሩ። «ልጅቱን ቢያባርሯት እናገር ነበር እላለሁ ለራሴ። እንጃ። አሁን ግን አንተ አስጥለሃታል። እግዜር ይስጥህ። እኔ ለማንም አልናገርም፤ አንተም አትናገር። በደህና ሹመትህን ያዝ።»

ተማሪው መግባት ጀምሯል። ጌጤና ሰዓዳ ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙለት። ደምሴ ብቻውን መጣ፤ አጥሩን ታክኮ፣ ማንንም ሳያይ አለፈ። ፈንታሁን እስከ ሰልፉ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። «እኔ ግን አልሰበርኩትም» ያለው ትዝ አለው። ያን ጊዜም ሰምቶት ነበር፤ እንዳልሰማ ሆኖ እንጂ።

ባንዲራው ተሰቀለ። መምህር በላይነህ ስሙን ጠሩ። ፈንታሁን መድረኩ ላይ ወጣ። ወንበሩ እዚያው ነበር፤ የእንጨት ወንበር ነው፣ አንድ እግሩ አጠር ያለ። ከፊቱ የቆመው ተማሪ ብዙ ነበር፤ ሁለት ሺህ ግን ድሮም አልነበረም። አራት መቶ ቢሆን ነው።

«እጅህን አንሳ» አሉ መምህር በላይነህ።

አላነሳም።

«አንሳ እንጂ፣ ልጄ።»

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ፈንታሁን። ድምፁ ከኋላ ያሉት ጆሯቸውን እስኪያቀኑ ድረስ ትንሽ ነበር። «በመጀመሪያ ሳልምል የምናገረው አለኝ። ስለ ቅዳሜ ነው። የምናገረው ስለ ራሴ ብቻ ነው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሰልፍ አዞረና ደምሴን ፈለገ።